ሽማግሌዎች በልተውት «አላየነውም» ስላሉት ዓሣ

ሮማ፣ እሑድ ጥቅምት 23 ቀን 1973 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል
የአየሩ ሁኔታ፦ ከጠዋት ጀምሮ ካፊያ፤ ነፋስ የለም
የተገኙት፦ እኔ፣ ጎረቤቴ ወይዘሮ አብረኸት፣ እንዲሁም በጨው ታሽቶ በረንዳ ላይ የተሰቀለው የዓሣው አጽም

ለክቡር ጓድ አቶ አለባቸው
በሮማ የኢትዮጵያውያን ዓሣ አጥማጆች ክበብ ሊቀመንበር
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ባለቤትዎና ልጆችዎ እንደምን አሉ? የወገብዎ ሕመም እንዴት ሆነልዎ? ጤናዎ፣ ባወሩት ቁጥር እንደሚያድገው ዓሣዎ፣ ከዓመት ዓመት እየጨመረ እንዲሄድ ከልብ እመኛለሁ።

«ጓድ አቶ» ብዬ መጻፌን በድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ። የኤምባሲ ሰው በተገኘበት ስብሰባ «ጓድ»፣ በሌለበት ደግሞ «አቶ» መባልን እንደሚመርጡ አውቃለሁ። ይህ ደብዳቤ በአዳራሻችን በር ላይ የሚለጠፍ ስለሆነና ማን ቆሞ እንደሚያነበው ስለማላውቅ ሁለቱንም አስገብቻለሁ፤ ያልፈለጉትን ይሰርዙት።

ቀኑን፣ አየሩንና የተገኙትን ከላይ ያሰፈርኩት የክበባችን መተዳደሪያ ደንብ በአንቀጽ አራት እነዚህን ሦስቱን ያልያዘ ማመልከቻ ተቀባይነት የለውም ስለሚል ነው። ደንቡን ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። ኦስቲያ በምሠራበት የዓሣ መሸጫ መጠቅለያውን ጋዜጣ እንኳ ሳላነብ ስለማልጠቀልል፣ በእርስዎ እጅ የተጻፈ ሃያ ሁለት አንቀጽ ሳላነብ ማለፍ አልሆነልኝም። ፊደልም የለየሁት ከስኳር መጠቅለያ ላይ ስለሆነ ቁራጭ ወረቀት አልንቅም።

ምናልባት ስሜ ካልመጣልዎ፣ ያለምዘውድ ነኝ። የአባልነት ቁጥሬ ሠላሳ አንድ ሲሆን «ደጋፊ አባል» ተብዬ ተመዝግቤአለሁ። መደገፍ ማለት፣ እናንተ ሙሉ አባላቱ በጀልባ ወደ መካከል ስትገቡ ዳር ቀርቶ ድንች መላጥ፣ ስትመለሱ ደግሞ ያመጣችሁትን ቅርፊቱን ፍቆ መጥበስ እንደሆነ በስድስት ዓመት ተምሬአለሁ። ምንም ያላመጣችሁ ዕለት ከኦስቲያ ይዤ የመጣሁትን እጠብሳለሁ፤ ያንንም «ዛሬስ ሐይቁ አላሳፈረንም» እያላችሁ ትበላላችሁ። እስከ ዛሬ ምንም አላልኩም፤ ደጋፊ ነኝና።

ለአንባቢ ግልጽ እንዲሆን ስለ ጀልባዋ አንድ ነገር ልበል። የክበቡ ጀልባ አራት መቀመጫ አላት። አንዱ የእርስዎ ነው፤ ሦስቱ የአቶ ቶሎሳ፣ የአቶ ባህታና የአቶ ፍሰሃጽዮን ናቸው። አንቀጽ አሥራ አንድ ደግሞ «የክብረ ወሰኑ ባለቤት፣ ማንም ይሁን ማን፣ ክብረ ወሰኑ እስኪሰበር ድረስ በጀልባዋ ላይ መቀመጫ ይኖረዋል» ይላል። ይህን ሲጽፉ የትልቁ ዓሣ ክብረ ወሰን የእርስዎ ስለነበረ፣ «ማንም ይሁን ማን» የሚለው ለጌጥ የገባ እንደሆነ አሁን ገብቶኛል። እኔ ግን የተጻፈ ነገር ማመን ልማዴ ነው። ሐይቁን ስድስት ዓመት ከዳር ሆኜ አይቼዋለሁ፤ ከመካከሉ ሆነው ሲያዩት ዳሩ ምን እንደሚመስል ግን አላውቅም። የምጠይቀው ያችን መቀመጫ ነው፤ ሌላ ምንም አልፈልግም። በአዳራሹ የክብረ ወሰን ሰሌዳ ላይ ስም የሚታደሰው በዓመቱ ጠቅላላ ስብሰባ ብቻ ስለሆነና ስብሰባው ኅዳር 7 ስለሆነ ነገሩ ጊዜ አይሰጥም።

ዓሣው እንዲህ ተያዘ። እሑድ ጥቅምት 9 ቀን ብራቻኖ ሐይቅ ወርደን፣ አራታችሁ እንደ ወትሮው ወደ መካከል ገባችሁ። እኔም ድንቹን ልጬ ስጨርስ በቲማቲም ቆርቆሮ ላይ የጠቀለልኩትን ክር አወጣሁ። መንጠቆው ላይ የሰካኋት ጣት የምታህል ዓሣ፣ እርስዎ ጠዋት ይዘው፣ በደብተርዎ ላይ «አንድ» ብለው ቆጥረው፣ ዳር ላይ የጣሏት ናት። በዚህ አጋጣሚ ስለ እርዳታዎ አመሰግናለሁ። ብዙም ሳይቆይ ክሩ ጣቴን ሊቆርጠው ደረሰ። ወይዘሮ አብረኸት ከኋላዬ ቀሚሴን ጨምድደው ይዘው፣ ሁለታችንም ተረከዛችንን ጭቃው ውስጥ ተክለን ጎተትን። ጣልያኖቹ ፔርሲኮ ትሮታ የሚሉት አፈ ሰፊ ዓሣ ነበር፤ አፉ ጡጫዬን ያስገባል። እዚያው ሐይቁ ዳር ካለው ከሲኞራ ማርያ አሊሜንታሪ፣ ከምግብ ሸቀጥ ሱቃቸው፣ ወስደን፣ የመንግሥት ማኅተም ባለበት ሚዛን አስመዘንነው። ሦስት ኪሎ ከአንድ መቶ ሃያ ግራም መዘነ። በሰሌዳው ላይ የተጻፈው የእርስዎ ዓሣ ሁለት ኪሎ ከስምንት መቶ ነው።

ስትመለሱ ዓሣው ሲኞራ ማርያ በሰጡኝ የበረዶ ሣጥን ውስጥ ነበር። ክዳኑን ልከፍት ስል እርስዎ እጅዎን አንሥተው «ያለ ኮሚቴ አይከፈትም» አሉ። እኔም ማመልከቻ አስገባሁ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የደረሰብኝን በተራ አቀርባለሁ።

፩) ስለ ሚዛኑ። ሲኞራ ማርያ ክብደቱን ጽፈው፣ የሱቃቸውን ማኅተም መትተው የሰጡኝ ወረቀት «የአይብ መጠቅለያ ነው» ተብሎ ተመለሰልኝ። እውነት ነው፤ የአይብ መጠቅለያ ነው፤ ትንሽ ቅባትም አለበት። ሕጋዊው ሚዛን በእርስዎ ወጥ ቤት የተሰቀለው ባለ ሞላ ሚዛን እንደሆነም ተነገረኝ። ያን ሚዛን አውቀዋለሁ። አምና ለልጅዎ ክርስትና ሽንኩርት የመዘንኩት በእርሱ ነው። ምንም ሳይንጠለጠልበት ሁለት መቶ ግራም ያሳያል። ይህን ያን ጊዜ ለባለቤትዎ ብነግራቸው፣ «ተዪው፣ እሱ እንደዚያ ነው የሚወደው» አሉኝ። በእርስዎ ቤት ባዶ እጁን የገባ ሰው እንኳ ሁለት መቶ ግራም እንደያዘ ስለሚቆጠርለት፣ ስለ ልግስናዎ ያለኝን አድናቆት እገልጻለሁ።

፪) ስለ ምስክሩ። አንቀጽ ስድስት ምስክር የሚሆነው ሙሉ አባል ብቻ ነው ይላል። ሙሉ አባላቱ ሁሉ ጀልባው ላይ ናቸው። ዳር ያለነው ደጋፊዎች ነን። ስለዚህ በደንባችን መሠረት ዳር ላይ የሆነ ነገር ሁሉ አልሆነም ማለት ነው። ወይዘሮ አብረኸት አሥመራ ሳሉ በአማርኛ የተማሩ፣ እዚህም ሦስት ቤተሰቦች የቤታቸውን ቁልፍ አምነው የሰጧቸው ሴት ናቸው፤ ስለ አንድ ዓሣ ግን አይታመኑም። እርስዎ በመጋቢት፣ በሴቶች ቀን፣ ሴቶች በሁሉም መስክ ከወንዶች ጎን መሰለፍ አለባቸው ብለው የተናገሩትን አስታውሳለሁ፤ አጨብጭቤአለሁም። መስክ አሉ እንጂ ሐይቅ አላሉም። ስሕተቱ የኔ ነው።

፫) ስለ ፎቶግራፉ። ከማመልከቻዬ ጋር ፎቶግራፍ ባለማያያዜ ተወቅሻለሁ። ካሜራ የለኝም። በአዳራሹ የተሰቀለውን የእርስዎን ፎቶግራፍ ግን አቧራውን ስጠርግ ስድስት ዓመት አይቼዋለሁ። ዓሣውን በሁለት እጅዎ ወደ ካሜራው ዘርግተውታል፤ ፊትዎ ከኋላው፣ ሌላ ሰፈር ያለ ይመስላል። ከዓሣው አጠገብ የእጅ ሰዓትዎ ይታያል፤ ዛሬም የሚያስሩት ያው ሰዓት ነው። ባለፈው እሑድ በልብስ ሰፊ ሜትር ፎቶግራፉን ብለካው፣ ዓሣው ሰዓትዎ አሥራ አንድ ጊዜ ቢደረደር የሚያህል ሆኖ አገኘሁት። ሰዓቱ ከዳር እስከ ዳር አራት ሳንቲሜትር መሆኑን ባለቤትዎ ለክተው ነግረውኛል። አርባ አራት ሳንቲሜትር የሆነ ፔርሲኮ ትሮታ አንድ ኪሎ ተኩል ከሞላ ይመሰገናል፤ ይህን የምለው በቀን ከመቶ ያላነሰ ዓሣ የምመዝን ሴት ሆኜ ነው። ሁለት መቶውን ግራም ከሚዛኑ አግኝተነዋል። የቀረው ከአንድ ኪሎ በላይ ከየት እንደመጣ እርስዎ የተማሩ ስለሆኑ ያውቁታል። በተባበሩት መንግሥታት የምግብ ድርጅት ያለው ሥራዎ መንግሥታት በየዓመቱ አጠመድን የሚሉትን ዓሣ መመርመርና ያጋነኑትን መልሶ መጠየቅ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ለመንግሥታቱ አዝኜላቸዋለሁ።

፬) ስለ ወሬው። ይህን ባላነሣው እመርጥ ነበር። ጥቅምት 16 ቀን ከቅዱስ እስጢፋኖስ ጸሎት ወጥተን ግቢው ውስጥ ቆመን ሳለ፣ ዓሣውን ከኦስቲያ ገዝቼ እንዳመጣሁት ይወራል ብለው ሰዎች ነገሩኝ። ወሬው ከማን እንደተነሣ አልጠየቅሁም። አቶ ባህታ ያን ዕለት ከምሰሶው ኋላ ሆነው ሰላምታ ሰጥተውኛል። እኔ የምሠራበት ሱቅ የባሕር ዓሣ ይሸጣል፤ ፔርሲኮ ትሮታ ጨዋማ ውሃ ውስጥ አይኖርም፤ ይህን ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ ሰው በሮማ የለም። እንዲያውም ከኦስቲያ ዓሣ ገዝቶ ከሐይቁ ያዝነው የሚል ሰው ካለ፣ እኔ የማውቃቸው አራት ናቸው። ስድስት ዓመት ያልተናገርኩትን ዛሬ የተናገርኩት ስለ ዓሣው አይደለም። ዋሸች ስለተባለች ሴት ነው።

፭) ስለ ሽማግሌዎቹ። ይህ ረዘም ስለሚል ይታገሡኝ።

ዓሣውን በዓይናቸው አይተው የሚያጣሩ ሦስት ሽማግሌዎች ሐሙስ ጥቅምት 13 ቀን ቤቴ እንደሚመጡ በስልክ አስታወቁኝ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ከእርስዎ ጋር በጀልባዋ የሚቀመጡት ሦስቱ መሆናቸውን ስሰማ ልቤ ተነካ። ከመካከላቸው አንዱ መቀመጫውን እንደሚያጣ እያወቁ ለፍርድ መቀመጥ ቀላል መሥዋዕትነት አይደለም። ለሐሙስ ዶሮ አዘዝኩ። ዓሣውን ማቀዝቀዣዬ ስለማይችለው፣ በባኞው ገንዳ ውስጥ አስተኝቼ ከሱቅ በማመጣው በረዶ ሸፈንኩት፤ በየቀኑም በረዶውን እለውጥለት ነበር። እነዚያን ቀናት ገላዬን የታጠብኩት ወይዘሮ አብረኸት ቤት ነው።

ሽማግሌዎቹ ግን ረቡዕ መጡ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ነበር፤ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ገና አላወለቅሁም። ረቡዕ ደግሞ እንደ ሐሙስ አይደለም። ሥጋ የለም፤ እንቁላል የለም፤ ቅቤ የለም። እንግዳ፣ ያውም ሽማግሌ፣ እህል ሳይቀምስ ስለ መጣበት ጉዳይ አይጠየቅም። ይህን እኔን እናቴ አስተምራኛለች፤ እናንተንም እናቶቻችሁ አስተምረዋችኋል። ቶሎ ብዬ ሽሮ ላቅርብ ብል፣ አቶ ባህታ አንገታቸውን ደፍተው ሐኪም ሽሮ እንደከለከላቸው ነገሩኝ። ምስርስ ብላቸው፣ ሐኪሙ ምስርንም ጨምሮ ነው ያለው አሉ። በዚህ መካከል አቶ ቶሎሳ እጃቸውን ሊታጠቡ ባኞው ገብተው ከወትሮው ቆይተው ወጡ። ለባልንጀሮቻቸው ዝቅ ባለ ድምፅ የነገሯቸውን ከወጥ ቤት ሆኜ ሰማሁ።

«እዚያ ውስጥ የተኛው ዓሣ አይደለም፤ ጥጃ ነው» አሉ።

ዓሣ ጾም ያፈርሳል ወይስ አያፈርስም በሚለው ሦስቱ ሐይቁ ዳር ስድስት ዓመት ሲከራከሩ ሰምቻለሁ። ያን ዕለት አያፈርስም በሚለው በሙሉ ድምፅ ለመስማማት ግማሽ ደቂቃ አልፈጀባቸውም። እኔም አንዱ ሽማግሌ ካየው ሁሉም እንዳዩት ይቆጠራል ብዬ አሰብኩ። የኔ ጥፋት ይህ ብቻ ነው፤ አልክደውም። ሽማግሌ ፊት ባዶ ገበታ ከመዘርጋት ክብረ ወሰኔን መጥበስ መረጥኩ።

ራሱንና ጅራቱን ከአከርካሪው ሳልለይ ሥጋውን ከሁለት ወገን ገፈፍኩ፤ በዱቄት አንከባልዬ በዘይት ጠበስኩት፤ ሎሚ ጨመቅሁበት። አቶ ፍሰሃጽዮን ሁለት ጊዜ፣ አቶ ቶሎሳ ሦስት ጊዜ፣ ሐኪም ያለባቸው አቶ ባህታ አራት ጊዜ ወሰዱ። ከዚያም ተርፎ ለእኔና ለወይዘሮ አብረኸት እራት ሆነ፤ ቆዳውን የሕንፃችን በር ጠባቂ የፖርቲኤራዋ ድመት በላች። በልተው፣ ታጥበው፣ ቤትሽ ይሙላ ብለው መርቀውኝ ሲያበቁ፣ አቶ ፍሰሃጽዮን መነጽራቸውን አድርገው ከኪሳቸው ደብተርና ሜትር አወጡ።

«አሎራ» አሉ፣ «እኅታችን፣ እንግዲህ ወደ መጣንበት እንግባ። ዓሣውን አቅርቢልን።»

ሳህኑን አሳየኋቸው። ሦስቱም ሳህኑን ተመለከቱ። አቶ ፍሰሃጽዮን ሜትሩን ግማሽ ድረስ ዘርግተው ትንሽ አሰቡና መልሰው ጠቀለሉት። አጽሙን ከወጥ ቤት አምጥቼ ገበታው ላይ ሳጋድመው፣ ደንቡ «ዓሣ» ይላል እንጂ «አጥንት» አይልም ብለው በትሕትና አስረዱኝ። ቫ ቤኔ፣ ይሁን አልኩ። እስከ ደረጃው ታች ድረስ ሸኘኋቸው። አቶ ባህታ ደረጃውን ለመውረድ ተደግፈው ነበር።

ወይዘሮ አብረኸት የዚያን ዕለት ማታ አጽሙን በጨው እያሹ፣ «አንቺ እኮ ማስረጃሽን በሎሚ ያቀረብሽ የመጀመሪያዋ ከሳሽ ነሽ» አሉኝ።

፮) ስለ ውሳኔው። ጥቅምት 17 ቀን በቁጥር 48/73 የተጻፈው ውሳኔ ደረሰኝ። «አጣሪ ሽማግሌዎች በአመልካቿ ቤት ተገኝተው ባደረጉት ማጣራት ምንም ዓይነት ዓሣ ያላዩ በመሆኑ ማመልከቻው ውድቅ ተደርጓል» ይላል። ከዚያ በታች የክበቡን ዓላማ የሚያብራሩ ሦስት አንቀጾች አሉ። አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። አዝኜ ነበር፤ መዋሸት አልወድም። ሁለት ቀን ድንች እንኳ መላጥ አስጠልቶኝ ነበር።

ነገር ግን ከላይ እንደገለጽኩት የተጻፈ ነገር ሳልጨርስ መተው አልችልም። ሐሙስ ዕለት እንደገና አውጥቼ፣ ሦስቱንም አንቀጾች ታግሼ አንብቤ እስከ መጨረሻው መስመር ወረድኩ። ከሦስቱ ፊርማዎችና ከማኅተሙ በላይ እንዲህ የሚል አገኘሁ፦ «በመጨረሻም ወይዘሮ ያለምዘውድ በዕለቱ ስላቀረቡልን እጅግ ግዙፍና ጣፋጭ ዓሣ አጣሪ ሽማግሌዎች ከልብ የመነጨ ምስጋናቸውን ያቀርባሉ።»

ይህን መስመር ማን እንዳስገባው አላውቅም። ማንም ይሁን ማን፣ በልቶ ሳያመሰግን መፈረም ነውር መሆኑን የሚያውቅ፣ ጥሩ እናት ያሳደገችው ሰው ነው። እኔም አንቀጽ ሰባትን ልጥቀስ። ዓሣው በእርግጥ መኖሩን ሦስት ሙሉ አባላት በፊርማቸው ካረጋገጡ፣ ክብደቱም የመንግሥት ማኅተም ባለበት ሚዛን ከተመዘነ ክብረ ወሰኑ ይጸድቃል ይላል። ስለ እርስዎ ሚዛን አንድም ቃል የለበትም፤ ሁለት ጊዜ ፈልጌአለሁ። ሚዛኑን ሲኞራ ማርያ ሰጥተውኛል። ፊርማዎቹን ደግሞ እናንተው በማኅተም ልካችሁልኛል፤ መኖሩን ብቻ ሳይሆን ግዙፍነቱንም መስክራችኋል። በክበባችን ታሪክ ጣዕሙ ሳይቀር በኮሚቴ የተረጋገጠ ክብረ ወሰን ይህ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

ስለሆነም ኅዳር 7 ቀን ስሜ በሰሌዳው ላይ እንዲጻፍና መቀመጫዬ እንዲሰጠኝ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። የእርስዎ ስም እንዲፋቅ አልጠይቅም፤ ከእኔ በታች ይቆይ። ፎቶግራፉም ይሰቀል፤ ሰዓቱ ያምራል። ከአራታችሁ ማን እንደሚወርድ ለመወሰን፣ ከየጉዞው በኋላ ጀልባ ውስጥ ማን አስሎ ዓሣውን እንዳስደነበረ የምትመረምሩበትን ሂስና ግለ ሂስ ብታደርጉ መልካም ነው። የሚወርደው ሰው ዳር ላይ ብቻውን አይቀርም፤ ወይዘሮ አብረኸት አሉ፤ የድንች መላጫውንም አወርሰዋለሁ።

ውድ ጊዜዎን ወስጄ ይህን ያህል ስላስቸገርኩዎ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ያላየ ሲመሰክር ቢሰሙ የማይደነቁ፣ ያየ ሲክድም የማይቆጡ ታጋሽ መሪ በመሆንዎ ያለኝን ክብር እየገለጽኩ፣ መንጠቆዎ እንዳይዝግ፣ ሞላዎ እንዳይላላ፣ ክንድዎ ወደ ካሜራ ከመዘርጋት እንዳይደክም እየተመኘሁ ደብዳቤዬን እዘጋለሁ።

ትሑት ደጋፊዎ
ያለምዘውድ
የአባልነት ቁጥር 31

ግልባጭ፦
ለአቶ ቶሎሳ፣ ጥጃውን ስላዩ
ለአቶ ፍሰሃጽዮን፣ ሜትራቸውን ይዘው ስለመጡ
ለአቶ ባህታ፣ በሐኪማቸው በኩል
ለሲኞራ ማርያ፣ ወይዘሮ አብረኸት በጣልያንኛ ያነቡላቸዋል

ድኅረ ጽሑፍ፣ ሰኞ ጥቅምት 24 ቀን። ካፊያው ቆሟል።

ደብዳቤውን ሳልለጥፍ አሳደርኩት። ሰኞ ሱቃችን ዝግ ስለሆነ ዛሬ ጠዋት ያደረግሁትን እንደ ደንቡ እመዘግባለሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣሁ። ሻይ ጠጥቼ ዳቦ በላሁ። አጽሙን ከበረንዳ አውርጄ በጋዜጣ ጠቀለልኩት፤ ጋዜጣውን አስቀድሜ አነበብኩት። ከሳን ፒየትሮ ጣቢያ የአንድ ሰዓቱን ባቡር፣ ሊቶሪናውን፣ ይዤ ብራቻኖ ደረስኩ፤ ከጣቢያው ወደ ሐይቁ በእግሬ ወረድኩ። ሲኞራ ማርያ አጽሙን ከሚዛናቸው በላይ ግድግዳው ላይ ቸነከሩት። ከአፉ እስከ ጅራቱ ሃምሳ ስምንት ሳንቲሜትር ነው። ሜትር ይዛችሁ በማንኛውም ሰዓት መምጣት ትችላላችሁ፤ አይበላም።

ከዚያ ወደ ጀልባዋ ሄድኩ። ሰንሰለቷን አልፈታሁም፤ ገና አልተፈቀደልኝም። ገብቼ አራቱንም መቀመጫዎች በየተራ ተቀመጥኩባቸው። የአቶ ቶሎሳ እርጥብ ነው። የአቶ ባህታ ወደ መካከሉ ጎድጉዷል። የአቶ ፍሰሃጽዮን ሳንቃው ይንቀጠቀጣል። የእርስዎ ትራስ አለው። እኔ የአቶ ፍሰሃጽዮንን መረጥኩ፤ ፊቱ ወደ ዳር ነው። እዚያ ሆኜ ክሬን ከቆርቆሮዬ ፈትቼ ጣልኩ። እስከ አራት ሰዓት ድረስ ተቀመጥኩ።

አንድ ዓሣ ያዝኩ። ስንዝር አይሞላም። መልሼ ለቀቅሁት። ማንም አላየኝም፤ ትንሽ ነበር ስል ግን ያለ ምስክር እንደሚያምኑኝ ተስፋ አደርጋለሁ።